ስክሪኑ ሲዋሽ፦ ከፍላሽ ቫይረስ እስከ ፋብሪካ መቆጣጠሪያ ክፍል

ሥራዬ የፋብሪካ መቆጣጠሪያ ሥርዓቶችን መትከልና መጠገን ነው። በዚህ ሙያ ከአሥር ዓመት በላይ ስቆይ እኔ ራሴ ወይም የቅርብ ሰዎቼ በቫይረስና በኮምፒውተር ማጭበርበር የተጎዳንባቸው አጋጣሚዎች ጥቂት አይደሉም፤ ከሁሉም የከፋውን ወደ ፋብሪካው ያስገባሁት ደግሞ እኔው ነበርኩ። ይህን ለመናገር ለረጅም ጊዜ አፍሬ ቆይቻለሁ። አሁን የምጽፈው፣ የቤት ኮምፒውተሩን ብቻ የሚጠቀምም ይሁን ፓምፕና ቫልቭ የሚያዝዝ ሰው፣ እኔ ዘግይቼ የተረዳሁትን አስቀድሞ እንዲያውቀው ብዬ ነው፦ በእያንዳንዱ አጋጣሚ ያታለለን ስክሪኑ ላይ ያየነው ነገር ነበር፤ የወጣነውም ስክሪኑን ትተን በሌላ በኩል ስንጠይቅ ነው።

የመጀመሪያውን ትምህርት ያገኘሁት ከፍላሽ ነው። ተማሪ ሳለሁ የመመረቂያ ጽሑፌን ለማሳተም ፍላሼን ብዙ ሰው በሚጠቀምበት ኮምፒውተር ላይ ሰክቼ፣ ቤት ወስጄ ስከፍተው ፎልደሮቼ በሙሉ ሾርትከት ሆነው፣ ጥጋቸው ላይ ትንሽ ቀስት ይዘው ጠበቁኝ። ሁለቴ ስጫናቸው እንደ ወትሮው ይከፈታሉ፤ ፋይሎቼም በውስጣቸው አሉ። ስለዚህ ቀስቷን ከቁም ነገር ሳልቆጥር ለሳምንታት ሠራሁበት። ቫይረሱ ግን እውነተኞቹን ፎልደሮች ደብቆ በየስማቸው ሾርትከት ፈጥሮ ነበር፤ ሾርትከቱ ሲነካ መጀመሪያ የቫይረሱን ፕሮግራም ያስነሣል፣ ከዚያ የተደበቀውን ፎልደር ይከፍታል። ተጠቃሚው የፈለገውን ስላገኘ የሚጠረጥርበት ምክንያት የለውም። በኋላ ጸረ ቫይረስ ፕሮግራም ጭኜ ስፈትሽ ሾርትከቶቹ በሙሉ ተሰረዙና ፍላሹ ባዶ መሰለኝ። ሁሉም ነገር ጠፋ ብዬ ፎርማት አደረግሁት፤ በእጄ የቀረው ሌላ ቅጂ የሁለት ወር አሮጌ ነበር። ፋይሎቹ ተደብቀው እንጂ ጠፍተው እንዳልነበር ያወቅሁት ከዓመት በኋላ ነው።

ይህ የደረሰበት ሰው ፎርማት ከማድረጉ በፊት በሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር ላይ የተደበቁ ፋይሎችን የማሳየት ምርጫን ያብራ፤ በአንዳንዱ ቫይረስ ደግሞ «የተጠበቁ የሥርዓት ፋይሎችን ደብቅ» የሚለውን ምርጫ ማጥፋትም ያስፈልጋል። ሾርትከቶቹን ሳይነካ ሰነዶቹንና ፎቶዎቹን ብቻ ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጥ፣ ፍላሹን ፎርማት የሚያደርገው ከዚያ በኋላ ነው። ፍላሹ መጽዳቱ ብቻውን ግን ዋጋ የለውም፤ ቫይረሱ የሚኖረው ቀድሞ በተሰካበት ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ ያ ኮምፒውተር ካልተጸዳ በሚቀጥለው ቀን ያው ቀስት ይመለሳል።

እግረ መንገዱን የፋይል ቅጥያዎችን፣ ማለትም በፋይል ስም መጨረሻ ከነጥብ በኋላ የሚመጡትንና የፋይሉን ዓይነት የሚናገሩትን ፊደላት፣ እንዲያሳይ ኮምፒውተሩን ያስተካክል። ዊንዶውስ ሲገዛ ጀምሮ የታወቁ ፋይሎችን ቅጥያ ይደብቃል፤ ይህች ትንሽ ምቾት ዓለምን አንድ ጊዜ ብዙ አስከፍላታለች። እ.ኤ.አ. ሜይ 4 ቀን 2000 ከፊሊፒንስ የተነሣውና «እወድሃለሁ» በሚል ርእስ በኢሜይል የተሰራጨው ቫይረስ የተያያዘለትን ፋይል ተራ የጽሑፍ ደብዳቤ አስመስሎ ያቀረበው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የስሙ መጨረሻ የነበረው፣ ፋይሉ ትእዛዝ የሚያስኬድ ስክሪፕት መሆኑን የሚናገረው ቅጥያ ለአብዛኛው ተቀባይ አይታይም ነበር። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2008 የታየው ኮንፊከር የተባለው ትል (ራሱን በራሱ ከማሽን ወደ ማሽን የሚያሰራጭ ቫይረስ) ደግሞ ፍላሽ ሲሰካ ብቅ በሚለው የምርጫ ሳጥን ውስጥ የፎልደር ሥዕል ይዞ «ፋይሎቹን ለማየት ፎልደሩን ክፈት» የሚል የራሱን መስመር ይጨምር ነበር። ሰው በየቀኑ የሚጫነውን አባባል ቃል በቃል ወስዶ ማለት ነው። ወደ ኮንፊከር እመለሳለሁ፤ ከእሱ ጋር የግል ቂም አለን።

ሁለተኛው የደረሰው በአክስቴ ላይ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የምግብ አሠራር ስትፈልግ ድንገት ሙሉ ስክሪኑን የሸፈነ ቀይ ማስታወቂያ ወጣባት፤ ኮምፒውተሩ እንደ አምቡላንስ ይጮኻል፣ የባንክ መረጃሽ እየተሰረቀ ነው፣ ኮምፒውተሩን እንዳታጠፊ፣ በዚህ ቁጥር ደውይ ይላል። ደወለች። ያነሣው ሰው ትሑትና ታጋሽ ነበር፤ እኔ እንኳ እንደዚያ ታግሼ አስረድቻት አላውቅም። የዊንዶውስን የክስተቶች መዝገብ አስከፍቷት ቀይና ቢጫ ምልክቶቹን አስቆጠራት። እነዚህ ምልክቶች በማንኛውም ጤነኛ ኮምፒውተር ላይ በመቶዎች የሚገኙ ተራ መልእክቶች ናቸው፤ አንዱ ፕሮግራም ዘግይቶ ቢነሣ እንኳ ይመዘገባሉ። እሷ ግን ይህን የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም፤ የገዛ ኮምፒውተሯ መሰከረባት። ከዚያ ከሩቅ ሆኖ ኮምፒውተር ለመቆጣጠር የሚያገለግል ፕሮግራም አስጫናት። ፕሮግራሙ ሕጋዊና ባለሙያዎች በየቀኑ የሚጠቀሙበት ስለሆነ ጸረ ቫይረሱ ምንም አልተናገረም።

የሚቀጥለው የተንኮሉ ዋና ክፍል ነው። ለአገልግሎቱ ትንሽ ገንዘብ ካስከፈላት ከሁለት ቀን በኋላ መልሶ ደወለና ድርጅታችን ሊዘጋ ስለሆነ ገንዘብሽን እንመልሳለን አላት። የባንክ ገጿን እንድትከፍት አድርጎ፣ ስክሪኗን ለአፍታ ጥቁር አድርጎ መለሰው፤ በሂሳቧ ላይ ከሚገባት አሥር እጥፍ የሚበልጥ ገንዘብ ገብቶ ታየ። ሰውዬው በስልኩ ማልቀስ ጀመረ፤ ተሳስቼ ዜሮ ጨመርኩ፣ ከሥራ ያባርሩኛል፣ ትርፉን መልሺልኝ። ገንዘብ ግን አልገባም ነበር። ማንኛውም ብሮውዘር የተከፈተን ገጽ ጽሑፍ በራሱ መስኮት ውስጥ ለመለወጥ የሚያስችል የፕሮግራመሮች መሣሪያ አለው፤ በእሱ የቁጥሩን ፊደላት መቀየር ሰከንዶች ይወስዳል፣ ገጹ እንደገና ሲጫን እውነተኛው ቁጥር ይመለሳል። አክስቴ ልትመልስ የተነሣችው የራሷን ገንዘብ ነበር። «ልጄ፣ ሰው ከሥራው እንዲባረር ምክንያት አልሆንም» ብላ የላኪውን ዝርዝር እንዴት እንደምትሞላ ልትጠይቀኝ ስትደውልልኝ ነው የደረስኩበት።

በስልክ ሆኜ መጀመሪያ ያስደረግኋት የኢንተርኔት ገመዱን መንቀል ነበር። ቀጥሎ ወደ ባንኳ ያስደወልኳት በካርዷ ጀርባ ላይ በታተመው ቁጥር ነው፤ ደዋዩ የሰጣት ወይም በኢንተርኔት ፍለጋ የሚመጣ ቁጥር ለዚህ አይታመንም፣ የሐሰት ቁጥሮች በማስታወቂያ መልክ ከላይ ይቀመጣሉና። የይለፍ ቃሎቿን የለወጥነው በእኔ ስልክ ላይ ነው፤ ከኢሜይሏ ጀመርን፣ ምክንያቱም ኢሜይሉን የያዘ ሰው የሌላውን ሁሉ ቃል «ረሳሁ» ብሎ ማስለወጥ ይችላል። ኮምፒውተሯን ሰነዶቹን አውጥቼ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ጫንኩበት፤ ሰው ከሩቅ ገብቶ ያደረውን ማሽን በፍተሻ ብቻ አምኖ መመለስ ለእኔ አይዋጥልኝም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ ሌላ ሰው ደወለና የተጭበረበሩ ሰዎችን ገንዘብ የሚያስመልስ መሥሪያ ቤት ነን፣ ለፋይል መክፈቻ ጥቂት ክፈይ አላት። አንድ ጊዜ የከፈለ ሰው ስልክ ቁጥር ከአጭበርባሪ ወደ አጭበርባሪ ይሸጣል፤ ሁለተኛውን ጥሪ እንዲጠብቅ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። ጩኸት ያለው ቀይ ገጽ ሲወጣ ደግሞ ኮንትሮል፣ ኦልትና ዲሊትን አንድ ላይ ተጭኖ ከሚመጣው ዝርዝር በታስክ ማኔጀር በኩል ብሮውዘሩን መዝጋት፣ ያም ካልሆነ ማጥፊያውን ተጭኖ መያዝ በቂ ነው። ገጹ ተራ ድረ ገጽ ነው፤ አትዝጉኝ ማለቱ ራሱ ሊዘጋ እንደሚችል ምስክር ነው።

በቅርብ ዓመታት፣ በተለይ ከእ.ኤ.አ. 2024 ጀምሮ፣ የሚያስጨንቀኝ ሌላው መልኩ ስልክ እንኳ አያስፈልገውም። «ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ» የሚል የተለመደ ሳጥን ይመጣል፤ ሲነካ ግን የዊንዶውስን ምልክትና አር የሚለውን ፊደል አንድ ላይ ይጫኑ፣ ኮንትሮልና ቪ ይጫኑ፣ ኤንተር ይበሉ ይላል። ገጹ አስቀድሞ ተንኮለኛ ትእዛዝ በኮምፒውተሩ ቅጂ መያዣ ላይ አስቀምጧል፤ ተጠቃሚው በገዛ ጣቱ ያስኬደዋል። በዚህ መንገድ የሚገቡት ፕሮግራሞች ብዙውን ጊዜ መረጃ ሰራቂዎች ናቸው፤ ክራክ በተደረጉ (የፈቃድ መቆለፊያቸው በተሰበረ) ሶፍትዌሮችና በነጻ ማግበሪያዎች ውስጥም ተጭነው ይመጣሉ። በብሮውዘሩ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችን ብቻ አይወስዱም፤ ድረ ገጾች አንድ ጊዜ የገባን ሰው የሚያስታውሱባቸውን ኩኪዎችም ይገለብጣሉ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በስልኩ የሚመጣ የማረጋገጫ ኮድ እያለው የኢሜይሉ መለያ ተወሰደበት፤ ሌባው በኩኪው ምክንያት ቀድሞ እንደገባ ሰው ስለተቆጠረ ኮድ የጠየቀው የለም። ስለዚህ የይለፍ ቃል መለወጥ ብቻ አይበቃም፤ ከሁሉም መሣሪያዎች ውጣ የሚለውን ምርጫ መጫን ያስፈልጋል፣ ያውም ማሽኑ ከጸዳ በኋላ፤ አለዚያ አዲሱም ቃል በዚያው መንገድ ይሄዳል።

አሁን ወደ ፋብሪካው። ስለ ቦታውና ስለ ምርቱ ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ታንኮችና ፓምፖች ያሉበት፣ ሃያ አራት ሰዓት የሚሠራ ቦታ ነበር። የማያውቀው አንባቢ እንዲከተለኝ አንድ ነገር ላስረዳ። ፓምፑን በቀጥታ የሚያዝዘው ፒኤልሲ የሚባል፣ በብረት ካቢኔ ውስጥ የሚኖር ጠንካራ መቆጣጠሪያ ነው፤ ዊንዶውስ የለውም። በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ያለው ኦፕሬተር የሚያየው ሥዕልና ቁጥር ግን ከተራ ኮምፒውተር አይለይም፤ ያም ኮምፒውተር ከፒኤልሲው በኔትወርክ እየጠየቀ ቁጥሮቹን ያሳያል። የእኛዎቹ ኮምፒውተሮች በዊንዶውስ ኤክስፒ ይሠሩ ነበር። ከተተከሉበት ቀን ጀምሮ አንድም ማሻሻያ አልተጫነባቸውም፤ ጸረ ቫይረሳቸውንም ሥዕሎቹን ያዘገያል ተብሎ ያጠፋነው እኛው ነን። ከኢንተርኔት ጋር ስለማይገናኙ ማንም አይደርስባቸውም እንል ነበር።

አንድ ምሽት በፒኤልሲው ፕሮግራም ላይ ትንሽ ማስተካከያ ለመጫን ፋይሉን ከቢሮ ላፕቶፔ በፍላሽ አምጥቼ በመሐንዲሶች ማሽን ላይ ሰካሁት። የፈጀብኝ አሥር ደቂቃ ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ገደማ ተጠርቼ ስመለስ ኦፕሬተሮቹ ወደ ማሽኖቻቸው መግባት አቅቷቸዋል፤ የይለፍ ቃላቸው ትክክል ሆኖ ሳለ መለያቸው ተቆልፏል ይላቸዋል። አንዱ ስክሪን ብቻ ቀድሞ ስለተከፈተ ይሠራል። በዚያ ስክሪን ላይ ከአንዱ ታንክ ወደ ሌላው ፈሳሽ እየተዛወረ ነበር፤ ተቀባዩ ታንክ 61 በመቶ ይላል፣ ኦፕሬተሩም 80 ሲደርስ ፓምፑን ሊያቆም ይጠብቃል። 61። ቁጥሩ ለብዙ ደቂቃ አልተነቃነቀም፤ ግን ቀለሙ አረንጓዴ ስለሆነ ማንም ልብ አላለውም። ያዳነን ሜዳ ላይ የነበሩ በዕድሜ የገፉ ኦፕሬተር ናቸው። በታንኩ ጎን ያለውን የመስታወት ቱቦ በእጅ ባትሪ አይተው በሬዲዮ ጠሩን፦ «ልጆች፣ የእናንተን ኮምፒውተር አላውቅም፤ እኔ ግን እዚህ የማየው ከሰማንያ አምስት በላይ ነው። ላቁመው?» እያሉ ሳይጨርሱ ፓምፑ አጠገብ ያለውን ቀይ ቁልፍ ተጫኑት። ምንም አልፈሰሰም። ታንኩ ሲሞላ በሽቦ ብቻ ፓምፑን የሚያቆም የተንሳፋፊ መቁረጫም ነበረን፤ እርግጥ ሌሊቱን ሙሉ እሱ ይሠራ ይሆን ብዬ ከማሰብ አላረፍኩም፣ የፈተንነው መቼ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው አልነበረምና።

የገባው ኮንፊከር ነበር፤ ከተፈጠረ ከዓመታት በኋላ፣ እሱ የሚገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ማሻሻያ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2008 ወጥቶ ሳለ። ትሉ ወደ ሌሎች ማሽኖች ለመግባት የይለፍ ቃሎችን እየደጋገመ ስለሚገምት መለያዎቹ ተቆለፉ፤ ራሱን ለማሰራጨት የሚልከው መልእክት ኔትወርኩን ስላጨናነቀው ደግሞ ስክሪኑ ከፒኤልሲው አዲስ ቁጥር ማግኘት አቁሞ የመጨረሻውን እያሳየ ቆመ። ቫይረሱ ስለ ታንክም ሆነ ስለ ፓምፕ የሚያውቀው አንዳች ነገር አልነበረም። እኛን ለመጉዳት የተሠራም አይደለም። ለእኔ ይህ እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝ ክፍል ነው፤ ተራ የቤት ቫይረስ በአጋጣሚ ሲያልፍ ያን ያህል ካደረገ፣ አውቆ የመጣ ምን ያደርጋል?

መልሱ በታሪክ ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በጁን 2010 የተገኘው ስተክስኔት በኢራን የናታንዝ ዩራኒየም ማበልጸጊያን ለመጉዳት የተሠራ ነበር። በፍላሽ ሲጓዝ ፋይል መክፈት እንኳ አያስፈልገውም፤ ፎልደሩ ውስጥ ያለውን የሾርትከት ምልክት ዊንዶውስ ለማሳየት ሲሞክር ይነሣል። ዩራኒየሙን እያሽከረከሩ የሚያበለጽጉትን የሴንትሪፉጆች ፍጥነት ሲያዛባ ለኦፕሬተሮቹ ደግሞ ሁሉም ሰላም መሆኑን የሚያሳይ መረጃ ያቀርብ ነበር። የእኛ ስክሪን በአጋጣሚ ዋሸ፤ ያኛው እንዲዋሽ ተጽፎለታል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 23 ቀን 2015 ደግሞ በዩክሬን የሦስት የኤሌክትሪክ አከፋፋዮች ኦፕሬተሮች የማውሳቸው ቀስት በራሷ እየሄደች የመስመር መቆራረጫዎችን ስትከፍት፣ ማለትም መብራቱን ስትቆርጥ፣ ተቀምጠው አይተዋል፤ 225,000 ገደማ ደንበኞች መብራት ጠፋባቸው። አጥቂዎቹ የገቡት ከወራት በፊት በኢሜይል በተላከ የኦፊስ ሰነድ ውስጥ «ማክሮውን (በሰነዱ ውስጥ ያለውን ትንሽ ፕሮግራም) ፍቀድ» የሚለውን ቢጫ መስመር የተጫነ ሠራተኛ ስለነበረ ነው። መብራቱ በሰዓታት ውስጥ የተመለሰው ሠራተኞቹ ወደየጣቢያው ሄደው መቆራረጫዎቹን በእጃቸው መልሰው ስላገናኟቸው ነው፤ እንደኛ አዛውንት ማለት ነው።

የዚያን ሌሊት ስሕተቴ ግን ፍላሽ በመስካት አላበቃም። ደንግጬ ስለነበር አንዱን ማሽን ወዲያው ፎርማት አድርጌ ዊንዶውስ ጫንኩበትና ከኔትወርኩ ጋር አገናኘሁት፤ ማሻሻያው ሳይጫንበት ስለሆነ ሌላውን ሳልጀምር እንደገና ተያዘ። ደግሞም በዚያ ማሽን ላይ የነበረውን የመነሻ ማስረጃ አብሬ ስላጠፋሁት ትሉ በእኔ ፍላሽ መግባቱን ያረጋገጥነው ከሁለት ቀን በኋላ ላፕቶፔን ስንፈትሽ ነው። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ሌላ ነው። በመጀመሪያ ሂደቱ ይጠበቃል፦ ሜዳ ላይ ሰው ይቆማል፣ መለኪያዎች በዓይን ይነበባሉ፣ የሚቆም ነገር በቦታው ባለው ቁልፍ ይቆማል፤ የሚሠራ ፒኤልሲ ደግሞ ሳያስፈልግ አይጠፋም። ቀጥሎ የኔትወርክ ገመዶች ይነቀላሉ። አንድ የተያዘ ማሽን ሳይነካ ለምርመራ ይቀመጣል። የቀሩት ማሽኖች አንድ በአንድ፣ ለየብቻቸው ሆነው ይጸዳሉ፣ ማሻሻያው ይጫንባቸዋል፤ ሁሉም ሳያልቅ አንዱም ከሌላው ጋር አይገናኝም።

ሌላም ገበና ወጣ። የፒኤልሲውን ፕሮግራም ከመጠባበቂያ ቅጂው ጋር ላወዳድር ስል ቅጂው የሦስት ዓመት ሆኖ ተገኘ፤ በመካከሉ የተደረጉት ማስተካከያዎች የነበሩት በሰው ጭንቅላትና በአንድ የሥራ ተቋራጭ ላፕቶፕ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ለውጥ በተደረገ ቀን ቅጂ ተወስዶ ከኔትወርክ ውጪ ይቀመጣል፤ በየሦስት ወሩም በመለዋወጫ ማሽን ላይ እውነት ይነሣ እንደሆነ እንሞክረዋለን። ተሞክሮ ያልታየ ቅጂ ስም ብቻ ነው። የውጭ ሰው ፍላሽም ሆነ ላፕቶፕ በር ላይ ባለ፣ ከምንም ጋር ባልተገናኘ መፈተሻ ኮምፒውተር ያልፋል፤ የእኔም ጭምር። መጀመሪያ ሰሞን በጣም ተማረርኩበት።

የፒኤልሲዎቹን ቁልፍም አየን። ብዙ መቆጣጠሪያዎች በፊታቸው ላይ አሠራራቸውን የሚመርጥ እውነተኛ ቁልፍ አላቸው፤ በመሥሪያ ቦታው ላይ ሲሆን ከሩቅ ፕሮግራም መለወጥ አይቻልም፣ በፕሮግራም ቦታው ላይ ሲሆን ይቻላል። እኛ ለጥገና እየተመላለስን ማዞር ስለሰለቸን ቁልፎቹ በፕሮግራም ቦታ ላይ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 በሳዑዲ ዓረቢያ በአንድ የፔትሮኬሚካል ፋብሪካ ላይ የደረሰው ትሪቶን የተባለ ጥቃት ያነጣጠረው አደጋ ሲመጣ ፋብሪካውን በሰላም የሚያቆመው የደኅንነት መቆጣጠሪያ ላይ ነበር፤ በዚያም ቁልፉ በፕሮግራም ቦታ ላይ ተትቶ ነበር። ይህን ሳነብ በእኔ እጅ የዞሩትን ቁልፎች ነው ያሰብኩት። አሁን ቁልፉ ተነቅሎ በፈረቃ ኃላፊው መሳቢያ ይቀመጣል፤ የወሰደ ሰው ይፈርማል።

ማሻሻያን በተመለከተ የቢሮና የፋብሪካ ነገር አንድ አይደለም። ቢሮና ቤት ላለ ኮምፒውተር ነገሩ ቀላል ነው፦ ሲመጣ ይጫን። በእ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2017 ብዙ አገሮችን ያዳረሰው ዋናክራይ የተጠቀመበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ማሻሻያ ከሁለት ወር ገደማ በፊት፣ ማርች 14 ቀን ወጥቶ ነበር፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ የሰረዙት ያልተጫነባቸው ማሽኖች ስለነበሯቸው ነው። ፋብሪካ ግን ለአንድ ማሻሻያ ምርት ማቆም አይችልም፣ የመቆጣጠሪያው አምራችም ያልሞከረው ማሻሻያ ሥዕሎቹን ሊሰብር ይችላል። እኛ የወሰንነው ማሻሻያዎቹን በዓመታዊው የጥገና መቆሚያ ላይ መጫን፣ እስከዚያው ደግሞ የመቆጣጠሪያውን ኔትወርክ ከቢሮው በፋየርዎል መለየት ነው፤ በሁለቱ መካከል የሚያልፈው በስም ተጽፎ የተፈቀደ ግንኙነት ብቻ ነው። ፍጹም መፍትሔ አይደለም።

ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀውን ራንሰምዌር እኔ በሥራ ቦታዬ አላየሁትም፤ በምንሠራላቸው በአንዱ ድርጅት ቢሮ ግን ደርሶ ልረዳ ሄጄ ነበር። መጠባበቂያ ቅጂያቸው ሁልጊዜ በተሰካ ሃርድ ዲስክ ላይ ስለነበር አብሮ ተቆልፏል። እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 2017 ከዩክሬን የሒሳብ ሶፍትዌር ማሻሻያ ተነሥቶ የተሰራጨው ኖትፔትያ የማርስክን የመርከብ ኩባንያ ሲመታ የደረሰውም በመጠኑ እንጂ በዓይነቱ የሚለይ አልነበረም፤ የተጠቃሚዎችን መለያ የሚያስተዳድሩት ሰርቨሮች እርስ በርስ ቅጂ ሆነው ስለተያያዙ በአንድነት ጠፉ፣ የተረፈችው በመብራት መቋረጥ ምክንያት ጠፍታ የነበረች አንዲት የጋና ሰርቨር ናት። ኩባንያው 45,000 ኮምፒውተሮችንና 4,000 ሰርቨሮችን እንደ አዲስ ጭኗል። ስለዚህ ቢያንስ አንዱ ቅጂ ከተገለበጠ በኋላ ይነቀል። ፋይል የተቆለፈበት ሰው ደግሞ ማሽኑን ከኔትወርክ ይንቀል፣ ማስታወሻውን ፎቶ ያንሣ፣ የተቆለፉትን ፋይሎች አይሰርዝ፤ በእ.ኤ.አ. 2016 በኔዘርላንድ ፖሊስ፣ በዩሮፖልና በሁለት የጸረ ቫይረስ ኩባንያዎች የተጀመረው «ኖ ሞር ራንሰም» ለብዙ ዓይነቶች መፍቻ በነጻ ያቀርባል፣ ዛሬ የሌለው መፍቻም ነገ ሊመጣ ይችላል። የዚያ ድርጅት ሰዎች ፋይሎቹን በንዴት ሰርዘዋቸው ነበር።

መፍቻ የማይፈልገው ማጭበርበር ደግሞ ከሁሉም ይበዛል። ለእኛ ቢሮ በአንድ የመለዋወጫ አቅራቢ ስም፣ በነበረው የኢሜይል ልውውጥ ላይ ቀጥሎ፣ የባንክ ሂሳባችን ተለውጧል የሚል ደብዳቤ መጣ። የአቅራቢው ኢሜይል ተጠልፎ ስለነበር አድራሻውም ሆነ አጻጻፉ እንከን አልነበረውም። የሒሳብ ሠራተኛዋ ከሁለት ዓመት በፊት በተፈረመው ውል ላይ ወዳለው ስልክ ደወለች፤ በዚያ ጊዜ ማንም ይህን እንድታደርግ አላዘዛትም ነበር። አሁን የሂሳብ ቁጥር ለውጥ ሁሉ በድሮ ስልክ ተደውሎ ካልተረጋገጠ አይከፈልም።

በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ በእጅ የሚሞላ ወረቀት አለ። ኦፕሬተሩ በየሁለት ሰዓቱ ስክሪኑ የሚለውን ይጽፋል፣ ሜዳ ያለው ደግሞ በመስታወቱ ያየውን በሬዲዮ ያነብለታል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ያስጀመሩት እኒያ አዛውንት ናቸው፤ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ወጣቶቹ ኮምፒውተር ባለበት ዘመን ወረቀት መሙላት ያስቃቸዋል፣ አንዳንዴም ሳያዩ የቀደመውን ቁጥር ይደግማሉ፣ ያን ጊዜ እቆጣለሁ። ባለፈው ወር በሁለቱ ዓምዶች መካከል የአራት በመቶ ልዩነት ታየና ልቤ ዘሎ የኔትወርኩን መዝገብ ግማሽ ቀን አገላበጥሁ። የደረጃ መለኪያው ቱቦ በዝቃጭ ተደፍኖ ኖሯል። አጥበን መለስነው፤ በማግስቱ ሁለቱም ዓምዶች 58 አሉ።